ቃሬዛው ተጠግኗል

ለውድ እህቴ ለእታለም የትምወርቅ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ገብሱም አምሮበታል።

የመውለጃዬ ወር ገብቷል። ልጄን ይሄነውን ስወልድ ደሜን ያቆመችልኝ አዋላጅ፣ ሲስተር ትህትና፣ ወደ ከተማ ተዛወረች። በምትኳ የመጣችው ሳምንት ሳትቆይ ተመለሰች፤ የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ ዘበኛው ይዞታል።

የቃሬዛ ማኅበሩ ሰዎች ቃሬዛውን ጠግነው ትናንት እኔኑ ተሸክመው ሞከሩት። ጋሼ በላይ፣ “አንቺ ልጅ፣ እስከ መካነ ሰላም ሆስፒታል ስምንት ሰው ይለዋወጥብሽ እንጂ አራት አይበቃሽም!” ብለው አሳቁን። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ግን የሳቀ የለም።

ይሄነው ሽሮ ሲበዛበት ሆዱን ያመዋል። ማታ ጆሮውን ካላሹለት አይተኛም። እንዲሁ እንድታውቂው ብዬ ነው።

እመቤቴ ለዓይነ ሥጋ ታብቃን።

ታናሽሽ የዓለምዘርፍ