ደረቁ ኮርቻ

ሞጣ፣ ሐሙስ ሰኔ 12

ዛሬ አብሮ አደጌን ከድርን ከኋላ ጭኜ በብስክሌት ስመለስ መብረቅ የቀላቀለ ዶፍ ያዘን። መንገድ ዳር ወዳለ ጎጆ ሮጥን። አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው፣ «ግቡ ልጆቼ፤ ብረቱን ግን ከቤቴ አርቁልኝ፣ መብረቅ ይጠራል» አሉን።

«ሌባ እንዳይወስደው አንተ ያዘው» አልኩት ከድርን። እኔ እሳት እየሞቅሁ፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ሜዳው ላይ ቆሞ አየው ነበር። ና አላልኩትም።

ሲያባራ ወጣሁ። እየተንቀጠቀጠ፣ «ኮርቻው እንዳይርስብህ ጃኬቴን አልብሼዋለሁ» አለኝ። ጃኬቱን ገፍፌ ሰጠሁትና ደረቁ ላይ ተቀመጥኩ። ጭቃው ሁለት ሰው አያስኬድም ብዬ በእግሩ እንዲመጣ ትቼው መጣሁ።

ቤቱ ከእኛ አለፍ ብሎ ነው። እስካሁን ሲያልፍ አላየሁትም።