ማኅተም የሌለው ፈቃድ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አባባ፣ ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እርስዎ በስልክ «ለሽማግሌዎቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ፈሂማ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ትፈርማለች» ብለው የዘጉብኝ ጊዜ። ወሎ ሰፈር ታክሲ እየጠበቅሁ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሁለት ሚኒባስ አለፈኝ።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ክረምት ሲገባ ይብስብዎታል፤ ዘንድሮስ እንዴት አደረገዎት? እማዬ የስኳር መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች? እህቴ ሀጀር ፈተናዋን ጨረሰች? ለዓረፋ በመቅረቴ ቤቱ ሁሉ እንዳዘነብኝ አውቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

በደብዳቤ የምጽፍልዎት በስልክ ስለሚቆጡ ብቻ አይደለም። ስልኬን ከእኔ ሌላ የሚሰማው ሰው ያለ ይመስለኛል። ደግሞም ወረቀት ከሆነ ቁጭ ብለው ያነቡታል፣ ለሼኹና ለቄሱም ያነቡላቸዋል። ሁለቱ ሽማግሌ ሆነው አንድ ላይ ቤት ድረስ መጥተው ሲለምኑዎት እምቢ ማለት እንዳቃተዎት ይገባኛል። ነገር ግን ለእነሱ የተነገራቸው ግማሹ ብቻ ነው።

መጋዘናችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ኋላ፣ ወደ ቦሌ ቡልቡላ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለ ያውቃሉ። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተገዛ፣ ክብደታቸው ለወረደ ሕፃናት የሚሰጥ የለውዝ ምግብ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንልካለን። «አራት ዓመት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አጥንተሽ ካርቶን ልትቆጥሪ?» ብለው የሳቁብኝ ሥራ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገሰሰ፣ እርስዎ በሠሩበት ፋብሪካ በእርስዎ ጊዜ የመዝገብ ቤት ሹም የነበረው ሰውዬ ነው። «እሳቸው» ማለቱን ትቻለሁ፤ ይህንንም ይቅር ይበሉኝ።

ጥር አሥራ ሁለት ቀን አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዘበት ዕለት፣ የውጭ ዕርዳታ ለዘጠና ቀን እንዲቆም ፈረመ። ሳምንት ሳይሞላ ለእኛም «ሥራ አቁሙ» የሚል መልእክት ደረሰን። ወደ እናንተው ቆላ ሊጫን የተዘጋጀ አራት መቶ ካርቶን በር ላይ ተደርድሮ ነበር። መጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። አቶ ገሰሰ ወደ ውስጥ አስመለሰውና በሩን ራሱ ቆለፈ። «ትዕዛዙ ከላይ ነው፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ላይ የለም» አለን።

ጥር ሃያ ስምንት ቀን ፈቃዱ መጣ። በኢሜይል ነበር የመጣው። የሰው ሕይወት የሚያድን ምግብና መድኃኒት ከእገዳው ውጪ መሆኑን፣ የእኛም ካርቶን በዚያ ውስጥ እንደሚገባ በግልጽ ይናገራል። አትሜ እየሮጥኩ ወሰድኩለት። ፊቱንም ጀርባውንም አየና «ማኅተሙ የታለ?» አለኝ። እነሱ እንዲህ ባለው ደብዳቤ ላይ ማኅተም አይመቱም አልኩት። «ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዤ የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ልሻር? አንቺ ልጅ፣ ልታሳስሪኝ ነው?» አለ። ጸሐፊዋ ሚስኪ አላስችል ብሏት «ታዲያ ዋይት ሀውስ ሄደን እናስመታልዎት እንዴ?» ስትለው «አንቺ ደግሞ ሻይሽን ጠጪ» ብሎ ጮኸባት።

እርስዎ የአሜሪካኖችን ምርጫ በሬዲዮ ሲከታተሉ ፕሬዚዳንታቸውን «የዓለሙ ንጉሥ» ይሉት ነበር። አቶ ገሰሰም የሚያስበው እንደዚያ ነው። ለእሱ ያልኩትን ለእርስዎም ልድገመው። ሥልጣኑ ብዙ ነው፤ ጦሩን ያዛል፣ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ አልፈርምም ብሎ ይመልሳል፣ የተፈረደበትን ይምራል፣ የላይኛው ምክር ቤት ሲስማማ ሚኒስትርና ዳኛ ይሾማል። ገንዘብ የሚመድበው ግን ምክር ቤቱ ነው። ሕጉ በታማኝነት መፈጸሙን መከታተል ደግሞ ሥልጣን ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው፤ ሥራውን የሚጀምረውም ሕገ መንግሥቱን ሊጠብቅ ምሎ ነው። ያቺ የእገዳ ትዕዛዝ ራሷ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንዳንዱን ነገር ከእገዳው ማውጣት እንደሚችል ትናገራለች። ስለዚህ የመጣልን ፈቃድ የፕሬዚዳንቱን ቃል የሚሽር አልነበረም፤ ከዚያው ከቃሉ የወጣ ነው። አቶ ገሰሰ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጥሩ ተምረሻል» አለኝ። ቁልፉን ግን ከኪሱ አላወጣም።

ለፕሬዚዳንቱ ጠበቃ አልቆምም። እዚያ በአንድ ፊርማ የሚያልቀው ነገር እዚህ በሕፃን ክንድ ቅጥነት ይለካል። መጋዘኑን የቆለፈው ግን የእኛው ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። መዝገብ ቤት ያደገ ሰው ስለሆነ እጁ የገባ ወረቀት ሁሉ ጠርዙ ላይ ሳይመራበት አያልፍም። ሳያስበው ብዕሩን መዘዘና በዚያው ፈቃድ ላይ «ለፈሂማ፣ ማኅተም ያለው እስኪመጣ ይቀመጥ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቀኑን አስፍሮ መለሰልኝ። ፋይል ውስጥ ከማስገባቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ለምን እንዳነሳሁት ያኔ አላውቅም ነበር።

ካርቶኑን የምትጠብቀው የቆላው ጤና ጣቢያ ነርስ ጥሩነሽ በየቀኑ ትደውል ነበር። «ፈሂማዬ፣ መኪናው የት ደረሰ?» ትለኛለች። በመጋቢት «ትናንት ሚዛን ላይ ያስቀመጥኳት ልጅ ዛሬ አልመጣችም» አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ መደወል አቆመች። ለምን እንዳቆመች ደውዬ ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። አራት መቶው ካርቶን ግንቦት ላይ ጊዜው አልፎበት ተጭኖ ሄዶ ተቃጠለ። መለዋወጫ ቁልፍ በእኔም መሳቢያ ነበር፤ ጨቀጨቅሁ፣ ለመንኩ፣ ግን አልከፈትኩም። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ።

አሁን ምግቡ ለምን ተበላሸ ብለው የሚጠይቁ መርማሪዎች ሊመጡ ነው። ሽማግሌዎቹ እንድፈርም የለመኑበት ቃለ ጉባኤ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው ገጽ «በፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ሥራ ቆመ፤ የፈቃድ ደብዳቤ አልደረሰንም» ይላል። ለሼኹና ለቄሱ የተነበበላቸው ይኸው ነው፤ አቶ ገሰሰ ከሥራው እንዳይፈናቀል የምትደረግ ትንሽ ውለታ መስሏቸዋል። ሁለተኛው ገጽ ግን «የመጋዘን ኃላፊዋ መጠቀሚያ ጊዜው መቃረቡን በወቅቱ ባለማሳወቋ» ይላል። የመጋዘን ኃላፊዋ እኔ ነኝ አባባ። ቃልዎን የሰጡት ልጅዎ ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ እንድትፈርም ነው። አቶ ገሰሰ ይህን ነግሯቸው ቢሆን ሁለቱም ከደጃፋችን ባልደረሱ ነበር።

አልፈርምም ካልኩበት ጊዜ ጀምሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። የመጋዘኑ ቁልፍ ተቀይሯል። ጥበቃው ሙዘሚል ረቡዕ ጠዋት በሩ ላይ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ የጥርን ፋይሎች ትናንት በመኪና ጭነው ወሰዷቸው፣ እኔ አልነገርኩሽም» አለኝ። ትናንት እሱም አልነበረም፤ ቦታው ላይ የማላውቀው ሰው ቆሟል። ከኮንዶሚኒየሜ ፊት ለፊት አንድ ነጭ መኪና ሦስት ቀን ቆማለች፤ ውስጧ ያለው ሰው ስገባም ስወጣም ቀና ብሎ ያየኛል። ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ የእኔን ስም፣ የእርስዎን ስም፣ የሀጀርን ትምህርት ቤት ጠራልኝና «ቤተሰቡ ደህና ነው አይደል?» ብሎ ዘጋ። ስለዚህ ሀጀር ለጊዜው ብቻዋን አትመላለስ። ለእማዬ ግን ምክንያቱን አይንገሩብኝ።

አቶ ገሰሰ ከሥራ አሰናብቶኛል፤ ካልፈረምኩ መልቀቂያ እንደማይሰጠኝ፣ የተቃጠለውም ዕቃ በእኔ ላይ ክስ እንደሚሆን ነግሮኛል። «አንቺን ያባረረሽ እኔ አይደለሁም፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው፤ ሄደሽ እሱን ክሰሺ» ብሎ ስቆብኛል። የዚያ ሰው ሥልጣን የቱንም ያህል ቢሆን አዲስ አበባ ላይ የሐሰት ቃለ ጉባኤ አያስፈርምም። ይህ የአቶ ገሰሰ የራሱ ሥራ ነው።

የፊታችን ሐሙስ ስብሰባው ላይ እገባለሁ። ወረቀቱን ሳልፈርም እመልስና ከስልኬ ያሳተምኩትን የፈቃዱን ቅጂ ለመርማሪዎቹ በእጃቸው እሰጣለሁ። ሌላ ቅጂ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ የአቶ ገሰሰን የእጅ ጽሑፍ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በእኔ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ለማን እንደሚያሳዩት ሼኹንና ቄሱን ያማክሩ። ያኔ ሽምግልናቸው ለእኔም ይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፣ ጨውና ስኳር ትቀንስ ይበሉልኝ። ሀጀርን በጣም ናፍቄያታለሁ፤ የጠየቀችኝን መጽሐፍ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ወንድሜ ሙስአብ ከእኔ የባሰ ቁጡ ነው፤ ተናዶ ወደዚህ ለመምጣት አውቶቡስ ላይ እንዳይወጣ ይያዙልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ አሰገደች ሰላም ይበሉልኝ፣ የላኩልኝ በርበሬ ደርሶኛል።

እርስዎን አባባ፣ እንደ ድሮው እወድዎታለሁ፣ አከብርዎታለሁም። ከእንግዲህ ግን ከዋሽንግተንም ይምጣ ከመጋዘኑ ቢሮ፣ ከሽማግሌም ይምጣ ከወለደኝ አባት፣ እኔ ያላልኩትን በእኔ ስም ብሎ «ፈርሚ» የሚለኝን ቃል አልቀበልም።

ልጅዎ ፈሂማ አብዱልናስር
ቦሌ ቡልቡላ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.