እማዬ «ድረስ» ስትል የሰማን ቀን

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለድረስ አስማማው፤

እንደምን ከርመሃል? የሞያሌን ሙቀት ለመድኸው ወይ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ አምላክ ይመስገን በአካል ደህና ነን፤ ልባችን ግን አላረፈም። ከመስቀል ወዲህ ስልክህ ጥሪ አይቀበልም። አብሮህ ጋራዥ የሚሠራው ልጅም አያነሳም። ይኸንን ስጽፍልህ እንኳ ተረጋግቼ አልተቀመጥሁም፤ ጥቂት ጽፌ እነሳለሁ፣ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገርህ። የእማዬን ተዝካር አውጥተህ ከሄድህ ወዲህ ቤታችን ጸጥ ብሎ ነበር። በመስከረም፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ እኔና አባባ ገደል አፋፉ ላይ ያለውን ጤፍ ስናርም በጠራራ ፀሐይ ከገደሉ ሥር «ድረስ! ድረስ!» የሚል ድምፅ ሰማን። የእማዬ የማንጠግቦሽ ድምፅ ነው። አልተሳሳትሁም ወንድሜ፤ አንተን ከሜዳ ለምሳ ስትጠራ መጨረሻውን እንደምታስረዝመው አስረዘመችው። አባባ የነቀሉት አረም ከእጃቸው ወደቀ።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያው ያልፉ ነበርና እሳቸውም ሰሙ። በያዙት ጠበል ወደ ገደሉ ረጩ፤ ድምፁ ግን አልተወንም። አባባ «ልጇን ናፍቃ ነው፤ ልጁ ይምጣላት» ብለው አለቀሱ። መሪጌታ የቅኔ ሰው አይደሉ፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ሲያደምጡ ቆዩና «አስማማው፣ ሰሙን ይዘህ ወርቁን አትጣል። ድረስ የልጅህ ስም ብቻ ነው? ድረስልኝ እያለችህ ቢሆንስ?» አሏቸው።

ይኸን ስሰማ ቀሚሴን ሰብስቤ ቁልቁል ሮጥሁ። ድምፁ ከሚመጣበት ስደርስ ጎረቤታችን ወለተ ኪዳን እስከ ወገቧ አፈር ውስጥ ናት። እንጨት ልትለቅም ወርዳ ዝናብ ያራሰው ናዳ ተጭኗት ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የላትም። አባባና መሪጌታ ደርሰው በእጃችንም በእንጨትም ጭረን አወጣናት። እግሯ ተሰብሮ ስለነበር ደብረ ማርቆስ ወስደን አሳከምናት። ነፍሷ መለስ ሲል «እኔ መቼ ጮኽሁ? ማንጠግቦሽ ናት እጄን ይዛ የምትጣራልኝ። እጇ ይሞቅ ነበር» አለችን።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። አገሩ አንድ ሰሞን አወራው፤ ግማሹ የቅዱሳን ሥራ ነው አለ፣ ግማሹ የሰይጣን ነው ብሎ አማተበ። እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ጤፉም ቢጫ ሆነ።

ኅዳር እንደገባ ግን እንደገና ተጣራች። አሁን ከገደሉ አይደለም፤ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከማርቆስ በኩል ነው። እንደ ፊተኛው ሮጥሁ። አስፋልቱ ላይ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ እንጂ የተቸገረ ሰው አላየሁም። አንዱ ባለባጃጅ «እታለም፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» ቢለኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ቤት ተመለስሁ። በማግስቱ ከዚያ ራቅ ብላ ተጣራች፤ በሌላው ቀን ደግሞ ይበልጥ ራቀች። በቀረብናት ቁጥር ወደ ዓባይ፣ ወደ አንተ አገር መንገድ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ስልክህ መዘጋቱ ትዝ አለኝና ወደ አባባ ሮጥሁ።

አባባን «እህሉ ይሰብሰብና ሰው ልከን እናጠይቅ» አልኋቸው። እሳቸው ግን «ልጁን እየጠራች አይደለም። ልጁን ብትጠራ ፊቷን ወደ እሱ ታዞር ነበር። ድምጿ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ድረስለት ነው የምትለኝ» ብለው ጋቢያቸውን ለበሱ። በዕድሜያቸው ዓባይን የሚሻገሩ አይመስለኝም ነበር፤ ታውቃለህ፣ መኪና ላይ ሲወጡ እንኳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

የአክስታችን ልጅ ጌቱ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳልና እዚያ ድረስ ወስዶ የሞያሌን አውቶቡስ ያሳፍራቸዋል። ይኸን ደብዳቤ በእጅህ የሚሰጡህ ራሳቸው አባባ ናቸው። ደህና ሆነህ ካገኙህ አያፍሩም፤ «አገሩን ልየው ብዬ ነው» ይሉሃል። እሺ ብለህ አስተናግዳቸው። ታመህም ሆነ ታስረህ፣ ወይ የማትነግረን ነገር ገጥሞህ ከሆነ ግን፣ ወንድሜ፣ አትደብቃቸው። ብቻህን አይደለህም።

ባለቤቴ መሳፍንት እጅ ነስቶሃል፤ የአባባን ማሳ እሱ ያጭዳል፣ በሱ አታስብ። ወለተ ኪዳን በምርኩዝ ቆማ ጉልበትህን ስማለች። መሪጌታ በጸሎታቸው ስምህን እያነሱ ነው። አከራይህንም ስለ እኛ ሰላም በልልኝ።

ጌቱ ጥሩምባውን እየነፋ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው። ጠዋት ደጅ ወጥቼ ጆሮዬን ጣልሁ፣ አሁንም እያደመጥሁ ነው። አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው ጋቢናው ውስጥ ከተቀመጡ ወዲህ እማዬ ዝም ብላለች።

የምትወድህ እህትህ ምሥራቅ አስማማው
ደምበጫ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.