ከናጉሩ ተልኮ ያልደረሰ

ካምፓላ፣ ናጉሩ
እሑድ፣ ሰኔ 11 ቀን 1998 ዓ.ም.
(በፈረንጆቹ ጁን 18 ቀን 2006። ሁለቱንም የጻፍኩበትን ምክንያት ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።)

ለባለቤቴ ለአለምዘውድ፣

"ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ" ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደብዳቤውን በዚህ የሚጀምር ሰው ቀጥሎ የሚለምነው ነገር አያጣም፤ ስለዚህ እንዳትጠረጥሪኝ ተውኩት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ካልሆንኩም ለሰፈሩ አልተነገረም።

ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ አሁንም "እህቷ ዘርፈሽ ወልዳ፣ አራስ ልትጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳለች" እላለሁ። ከመስከረም ጀምሮ መልሴ ይኸው ነው። በቀደም፣ ኪሰንዪ ሰፈር ከመኪና መለዋወጫ ሱቄ አጠገብ ምግብ ቤት ያለው በየነ፣ ጠረጴዛ እየወለወለ፣ "ማዕረግ፣ ያ ሕፃን አሁን ዳዴ አላለም?" አለኝ።

"ብሏል።"

"እንግዲህ ትንሽ ታገሠው። አለምዘውድን እጇን ይዞ ያመጣልሃል።"

ይህ ሰው ሱቄን ይመኛል ብዬ ስነግርሽ፣ "ወጥ የሚሸጥ ሰው የመኪና ፍሬን ምን ያደርግለታል?" ትይኝ ነበር። ጥያቄሽ ጥሩ ነው። መልሱን ግን እስካሁን እየተከታተልኩት ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን ልግባ። አንቺ የምታውቂው ነገሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ምን እንደመሰለ ነው። ከዚህ ሲነሣ እንዴት እንደነበር ደግሞ እኔ ልንገርሽና፣ ከፈረድሽም ሁለቱን ወገን ሰምተሽ ፍረጂ።

ኮምፒዩተሩን የገዛሁት ለአንቺ ነው። በቦዳ ሞተር ዋንዴገያ ሰፈር ድረስ ሄደሽ፣ ተማሪ በታጨቀበት ኢንተርኔት ቤት፣ ጀርባሽን ለማታውቂው ሰው ሰጥተሽ የዘርፈሽን ኢሜይል ከምታነቢ፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ብታነቢው ይሻላል ብዬ ነው። ያን ቀን እዚያ ስታይኝ "እየተከተልከኝ ነው" ብለሽ ሻንጣሽን አነሣሽ። እኔ እዚያ የተገኘሁት ሮሌክስ ልበላ ነበር። እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ ተጠቅልሎ እንደማልወድ አስታወስሽኝ፤ የሰው ምርጫ ይለወጣል። ሁለት ሮሌክስ እስክጨርስ ድረስ ከመቀመጫሽ አለመነሣትሽን ያየሁት ደግሞ ሻጩ የቆመው ከበሩ ትይዩ ስለሆነ ነው። ሻጩን እዚያ ያቆምኩት እኔ አይደለሁም።

ኮምፒዩተሩ ቤት የገባው አንቺ ከወጣሽ በኋላ ነው።

ከዱባይ የመጣ አሮጌ ዕቃ ነው። ሊገጥምልኝ የመጣው ሰው ካቶ ይባላል፤ ዋንዴገያ ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ የልጆች አባት፣ በጣም ረጋ ያለ ሰው። ረጋ ያለ ሰው እንደማይጥመኝ ታውቂያለሽ። የስልኩን ሽቦ ከሞደሙ አገናኘ፣ የኢሜይሉን ፕሮግራም ከፈተና፣ "ሁለት አድራሻ እንሞላለን። አንዱ ደብዳቤ የሚገባበት፣ ሌላው የሚወጣበት" አለኝ።

"አንድ በር አይበቃውም?"

"አሠራሩ ነው፣ ቦስ።"

ሁለት በር ያለው ቤት የሚሠራ ሰው በአንዱ ምን እንደሚያወጣ አውቃለሁ፤ ግን ሙላው አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ "ከሚመጡልህ ደብዳቤዎች ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ይቅር?" አለ።

"ሰርቨሩ የማን ነው?"

"የኢንተርኔት ድርጅቱ።"

"ሚስቴ የጻፈችልኝ ነገር ለድርጅቱ ምን ይሠራለታል?"

"ምንም።"

"ምንም ካልሠራለት አይቅርለት።"

በመጨረሻ ፓስወርድ ምረጥ አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዲያዞር አዘዝኩት፤ አዞረ። ግድግዳው ላይ የሰርጋችን ፎቶ አለ፣ ፎቶው መስታወት አለው፣ መስታወት ደግሞ ያሳያል። ስለዚህ በረንዳ አስወጣሁት። ዝናብ ነበር። ስምሽን ጽፌ ሳልጨርስ ከውጭ ሆኖ፣ "የሚስትህን ስም ብቻ እንዳታደርገው፣ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው" አለኝ። እንዴት እንዳወቀ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለወጥኩት። የለወጥኩበትን ለአንቺም አልናገርም።

ማሽኑ አንድ አመል አለበት። ሆዱ ውስጥ ሰዓትና ቀን የምትጠብቅ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ ሞታለች። ካቶ "ሌላ አምጥቼ ልለውጥልህ" አለ። ኮምፒዩተሬን ዳግመኛ የሚከፍትበት ምክንያት ፈልጎ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ዘንድሮ ደግሞ ካምፓላ ውስጥ መብራት አንድ ቀን ቢመጣ በማግሥቱ የለም። መብራቱ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ማሽኑ ያለፈውን ሁሉ ረስቶ ይነሣና ቀኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቀኛል። እኔም እነግረዋለሁ።

ዓለሜ፣ አንድ ሐበሻ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወንበሩ ተቀምጦ ቀኑ ስንት ነው ሲባል ምን ይላል? ሱቅ ስውል የምኖረው 2006 ላይ ነው፤ ደረሰኙም ባንኩም እዚያ ነው ያለው። ቤቴ ስደርስ ግን ጫማዬን አውልቄ 1998 እገባለሁ። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያናችን ካሌንደር ነው። እሱን አየሁ፣ ሞላሁ። ማሽኑም አልተከራከረኝም። ካቶ የመጀመሪያ ዕለት 2006 ብሎ ሞልቶት ነበር፤ "የእኛን ዓመት ከየት ያውቀዋል" ብዬ አዝኜለት ነው ያለፍኩት።

መጋቢት ማለቂያ ላይ፣ በመጀመሪያው ዕለት በላክሁልሽ አድራሻ ኢሜይልሽ ገባ። "ከዘርፈሽ ቤት አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ሒሳብ እንዳስተምር ጠይቆኛል። መጥተህ የምትወስደኝ ከሆነ እስከ ፋሲካ ንገረኝ። ዝም ካልክ ዝምታህን እንደ መልስ እወስደዋለሁ" ይላል።

አጭር ነው። ማጠሩ አስጠረጠረኝ። አንቺ አጭር ነገር ተናግረሽ አታውቂም። ሌላ ሰው በስምሽ ቢጽፍስ? ስለዚህ፣ "እውነት አለምዘውድ ከሆንሽ፣ የአከራያችን ውሻ ማንን እንደነከሰ ጻፊልኝ" ብዬ መለስኩ። መልስ የለም። አስመሳይ መሆኑን ደረስኩበት ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በማግሥቱ ግን፣ አስመሳይ ቢሆን የሆነ ሰው ስም ፈጥሮ ይልክ ነበር፣ ስትጠየቂ ዝም የምትይው አንቺው ብቻ ነሽ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ደስታዬ ሄደ። ቁጭ ብዬ እውነተኛውን መልስ ጻፍኩ። "እመጣለሁ። ዝም አላልኩም። እሺ እንዳትዪያቸው።"

ላክሁት። ከላክሁት በኋላ ያው ደብዳቤ "የተላኩ" በሚል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ከተላከ እዚህ ምን ይሠራል? የሸጥኩትን ፍሬን መደርደሪያዬ ላይ ካየሁት አልተሸጠም ማለት ነው። ደግሜ ላክሁት፤ አሁን ሁለት ሆኖ ተቀመጠ። መብራት በመጣ ቁጥር እየላክሁ፣ ሳጥኑ እየሞላ፣ አንቺም ዝም እንዳልሽ ፋሲካ ደረሰ። በየነ ዶሮ ወጥ ላከልኝ። ምን አስቦ እንደላከው አላውቅም፤ በላሁት ግን።

ከበዓሉ በኋላ በየነ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "ሚስት አኩርፋ ዘመድ ቤት ስትገባ በሽማግሌ ነው የምትመለሰው፣ በሽቦ አይደለም። አዲስ አበባ የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ልላካቸው።"

"ሽማግሌ ከተላከማ አራስ ጥየቃው ውሸት ነበር ማለት ነው።"

"እሱንማ ማን አምኖህ?" አለ።

ሽማግሌ አልላክሁም። ካቶን ጠራሁ። "ኢሜይሉን ካላመንከው ከዚሁ ኮምፒዩተር ፋክስ መላክ ይቻላል። ሞደሙ ራሱ ይደውልና ገጹን እንደ ፎቶ ያደርሰዋል" አለኝ። ይህን ወደድኩት፤ ፎቶ ከሆነ በገዛ ፊደላችን ይሄዳል። የዘርፈሽ ባል ሙሉነህ ቢሮው ፋክስ እንዳለው አውቃለሁ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አንደኛው ገጽ አቤቱታ ነው፤ ዝምታሽ፣ ዋንዴገያ፣ እህትሽ ምን ስትመክርሽ እንደከረመች፣ ሙሉነህ ሰርጋችን ላይ እንዴት እንዳየኝ። ሁለተኛው ገጽ ግን ሌላ ነው። ሰው ጮኾ ጮኾ ሲደክመው የሚናገረው ዓይነት ነገር ነው።

ሞደሙ ደወለ። አዲስ አበባ አነሣ። ሁለቱ ማሽኖች እንደ ተጣሉ ድመቶች ተንጫጩና አንደኛው ገጽ ሄደ። ሁለተኛው ላይ መስመሩ ተቆረጠ። ፕሮግራሙ ግን ታዛዥ ነው፤ "አልተሳካም፣ እንደገና እሞክራለሁ" ይልና ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። በሕይወቴ ያላቅማማ ሠራተኛ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። እየሞከረ ትቼው ኪሰንዪ ወረድኩ።

ስመለስ ስልኩ እየጮኸ ነበር። ከስንት ወር በኋላ ድምፅሽን ሰማሁ።

"ማዕረግ፣ ኮምፒዩተርህን ንቀለው" አልሽ። ሰላምታሽ መሆኑ ነው።

"ደረሰሽ?"

"አንደኛው ገጽ ደርሶኛል። ሲደርሰኝ ነው የዋለው። የሙሉነህ ቢሮ ወረቀት አልቋል። ዘበኛው በቃሉ ይዞት፣ 'እትዬ፣ ዋንዴገያ ምንድን ነው?' አለኝ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛ ገጽ የለም።"

"አለ።"

"ስጠብቅህ ዝም ብለህ ከርመህ፣ ለስድብ ሲሆን ማሽን ታቃጥላለህ።"

"እኔ ነኝ ዝም ያልኩት? መብራት በመጣ ቁጥር ስጽፍልሽ አልነበር?"

"አንዲት መስመር አላየሁም። ፋሲካ አልፎም አንድ ወር ጠበቅሁህ። ሐሙስ ዕለት እሺ ብዬ ፈረምኩላቸው።"

"ሐሙስ" አልኩ። ስልኩን ወዲያው አልዘጋሽውም። ይህን ልብ ብያለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ኢሜይልሽ መጣ። ይህኛው አጭር አልነበረም፤ ስለዚህ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሳጥንሽ ሞልቶ አዲስ አልቀበልም ሲልሽ ያረጁትን ልትሰርዢ ወደ ታች ወረድሽ። ደብዳቤው በቀኑ ስለሚደረደር፣ ከሁሉም ሥር፣ ዘርፈሽ መጀመሪያ ከጻፈችልሽ ሰላምታም በታች፣ እኔ ተደርድሬያለሁ። ስምንት ዓመት ያለፈኝ ደብዳቤ ሆኜ። "ኢሜይል የሚባል ነገር ሳላውቅ በፊት ጽፈህልኛል። ማዕረግ፣ ቀኑን ማን ነው የሞላው?" ይላል። መጨረሻው ላይ፣ "ውሻው የነከሰው አንተን ነው። ግራ እግርህን" ብለሽ ጨምረሻል።

ቀኑን ማን እንደሞላው ለማጣራት ቤቱን ዞርኩት። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ካቶ መጥቶ ባትሪዋን ለወጠ። ነገሩን ስነግረው አልሳቀም፤ አለመሳቁ ይብስ አናደደኝ። "ታዲያ ስታገኛቸው ሰረዘቻቸው?" ብቻ አለኝ። አላውቅም አልኩት። አልጻፍሽልኝማ።

አለምዘውድ፣ ሁለተኛውን ገጽ እዚህ ልገለብጠው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ለፖስታ ቤት አልሰጠውም፤ ለመንገደኛ ብሰጠው መንገደኛ ያነባል፤ በፋክስ ብልከው ዘበኛው ይቀበለዋል። ኢሜይል አሁን ትክክለኛው ዓመት ላይ ነው ይባላል፤ ይሁንለት። ስለዚህ ማክሰኞ ከእንቴቤ በአውሮፕላን እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ፊትሽ ስቆም አንደኛውን ገጽ ብቻ ተናግሬ እንዳልቀር ፈርቼ ነው የጻፍኩት።

በየነ ሲሰማ፣ "ብቻህን? ያለ ሽማግሌ? ነውር ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ሱቁንስ ለማን ትተኸው?" አለኝ። ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩት።

"መቼ ትመለሳለህ?"

"እሷ ስትነግረኝ።"

መስከረም ላይ ማስተማር እንደምትጀምሪ ሰምቻለሁ። ፊርማሽን አፍርሺ ልል አይደለም የምመጣው። አዲስ አበባም የመኪና ፍሬን ያልቃል።

የዘርፈሽን ልጅ እግዚአብሔር ያሳድግላት፤ ሲያድግ የእኔን ውሸት መሸከሙ ይቅርለት። ለሙሉነህ ቢሮ ወረቀት ይዣለሁ። አንቺን የሚጠብቅሽ መልአክ ከእኔ ይልቅ እምነት ያለው ይሁን።

ደብዳቤውን የሰጠሽ ሰው አንብበሽ እስክትጨርሺ አፉን እንዳይከፍት ቃል ገብቷል። ውጭ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ በሩን ብትከፍቺለትም ባትከፍቺለትም፣ ዛሬ የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም።

ባልሽ ማዕረግ
ከደጅሽ