አባዬ ከኩሽና የወጡበት ሳምንት

ማክሰኞ

እቃ ማጠቢያ ማሽኑ ተገጠመ። ቴክኒሻኑ የውሃውን ቱቦ ፈታ፣ አሰረ፣ አንጠባጠበ፤ እንደገና ፈታ፣ አሰረ፣ አሁንም አንጠባጠበ። በስንት መከራ ያዘለት። ባሌ ከማል መመሪያውን ይዞ አጠገቡ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ሰውዬው ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። እኔ ኩሽናውን የሞላውን ካርቶን ወደ በረንዳ ሳወጣ ዋልኩ።

አባዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አባዬ የባሌ አባት ናቸው። ወሎ ሰፈር የነበሩበት ቤት ለመንገድ ከፈረሰ ወዲህ እዚህ ሰሚት ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሥራው ሲያልቅ «መልካም ነው፤ አላህ ይባርክላችሁ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ከማል እቃ ማጠቢያ ማሽን የገዛው ለእኔ ብሎ አይደለም። ለሰው ሁሉ «ለሐያት ነው» እያለ ያወራል እንጂ። ነገሩ የተጀመረው እህቱ ሙና ባለፈው መጥታ አባዬን እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሲንኩ ፊት ስታያቸው ነው። «አባዬን ሳህን ታሳጥቧቸዋላችሁ?» አለች። ታሳጥቧቸዋላችሁ ትበል እንጂ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። እኔ መች አሳጠብኳቸው? ከመጡ ጀምሮ እራት እንደተበላ ራሳቸው ይነሳሉ፣ ይሰበስባሉ፣ ያጥባሉ። እኔ አደርቃለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መንገድ ላይ ያበሰሉበትን ድስት የሚያጥብላቸው ማን ነበር? ደግሞ አፋቸው የሚፈታው እጃቸው ሲሠራ ነው። ሳሎን ተቀምጠው አያወሩም። የአሰብን መንገድ ከነጠመዝማዛው የማውቀው ሲንኩ ጋ ቆሜ ነው።

ለማንኛውም የመጀመሪያው እጥበት ማለቂያ አጣ። አባዬ ለመግሪብ ውዱ ሊያደርጉ ሲያልፉ ቆም ብለው አዳመጡት። «እስካሁን ምን ያጥባል? መኪና ነው እንዴ?»

ብርጭቆዎቹ ግን! እንደዚያ ሲያበሩ አይቻቸው አላውቅም። ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፋርማሲው ዛሬ ጭር ብሏል።

ሁሉም ሰው የራሱ ሕግ አለው። ከማል፦ ሳይሞላ አይነሳም፤ ቀድሞ ማለቅለቅ ውሃ ማባከን ነው፤ ቢላም ሹካም ጫፉ ወደ ላይ። እኔ፦ የሽሮ ድስት ሳይዘፈዘፍ ከገባ እንዳለ ይወጣል፤ ቢላ ወደ ላይ ከቆመ አንድ ቀን አንዳችንን ይወጋናል። ነጩን የፕላስቲክ ሳህኔን አሳየሁት። እርዱ በሙቅ ውሃ ገብቶበት ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። «እሱ ድሮም ቢጫ ነበር» አለ። አልነበረም!

እጄ ሳሙና እንደማይወድ ከማል ያውቃል። ጣቶቼ ክረምት ከበጋ ይሰነጣጠቃሉ። ለራሴ ቅባት የምሸጠው እኔው ነኝ። አንድም ቀን ለዚህ ብሎ ማሽን እንግዛ አላለም። ለምን ዛሬ እንደቆጨኝ እንጃ።

ዋናው ነገር ግን ጠዋት የሆነው ነው። አባዬ ከሱብሂ በኋላ ሻያቸውን ጠጥተው ብርጭቋቸውን አጥበው ደፍተዋታል። አንዲት ብርጭቆ። ከማል ሊወጣ ሲል አያትና ከእነእርጥቧ አንስቶ ማሽኑ ውስጥ ከተታት። የታጠበች ብርጭቆ! አባዬ ከኋላው ቆመው ነበር። እሱ አላያቸውም። ያየኋቸው እኔ ነኝ፤ ፊታቸው ይኸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ሐሙስ

ውሃ የለም። የትናንቱ ፈረቃ የእኛ ነበር፣ አልመጣም። ሮቶው ውስጥ የቀረችውን ማሽኑ ጠጥቶ ጨረሳትና መሃል ላይ ጮሆ ቆመ። በሩን ስከፍተው የወጣው ሽታ! የትናንት የዓሣ ወጥ ከሳሙና ጋር።

ከማል ሥራ ሄዷል። እኔ የከሰዓት ተረኛ ነኝ። ከበረንዳ ጀሪካን እየጎተትኩ ስገባ አባዬ መጥተው ከእጄ ተቀበሉኝ። «ምን ሆነ? ታመመ?» አሉ፣ ማሽኑን በአገጫቸው እያሳዩ። ሳቄ መጣ። ሁለት ሳፋ አቀረብን፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። አፋር በረሃ ላይ ራዲያተር የፈነዳባቸውን ቀን አወሩልኝ። ለሞተሩ ብለው የደበቁትን ውሃ ረዳታቸው ተካ ሳያውቅ ሩዝ ቀቀለበት። «ልገድለው ነበር» አሉ፤ «ግን ርቦኝ ነበርና መጀመሪያ በላሁ።» እንደዚያ ስቀው ካየኋቸው ቆይቷል። ለሥራም ዘገየሁ።

ማታ ከማል የደረቁትን ሳህኖች አየ። መኝታ ቤት ስንገባ በሩን ዘጋና፦

«ማን ነው ያጠበው?»

«አብረን ነው።»

«አባቴ እንዲያጥቡልሽ ትወጃለሽ ማለት ነው።»

«እሳቸው ናቸው የሚወዱት።»

«ሰው እንደዚያ ብሎ ያወራል? የከማል ሚስት አማቷን ሠራተኛ አደረገቻቸው ነው የሚሉት። እኔ ያሰብኩት ላንቺ ስም ነው።»

ለእኔ ስም! ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ያናደደኝ ግን ትንሽ እውነት ስላለው ይመስለኛል። እወደዋለሁ። ሳህኑን ሳይሆን ያንን ጊዜ። ከአባዬ በቀር እዚህ ቤት ቆሞ የሚያወራኝ ማን አለ?

ዓርብ

ከማል ከጁምዓ በኋላ አብረውት የሚሠሩ፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጡ ሁለት ትራንዚተሮችን ለምሳ አመጣ። ውሃ መጥቷል፣ ማሽኑ ታጥቦ ተወልውሏል፣ እንግዶቹም አይተውት አድንቀዋል። ምሳው ጥሩ ነበር። አባዬም ከእነሱ ጋር ስለ ጅቡቲ መንገድ ትንሽ ተጫወቱ። ደህና እየሄደ ነበር።

ከዚያ አባዬ እንደ ልማዳቸው ተነሱ። ሳህኖቹን ደራርበው ትሪው ላይ ጫኑና አነሱት። ከማል ከተቀመጠበት ዘሎ ትሪውን በዚያኛው በኩል ያዘው።

«አባዬ፣ ይተዉት» አለ በቀስታ።

«ግድ የለም፣ አንተ ተጫወት።»

ሳበው። አልለቀቁም። ብርጭቆዎቹ ይንኳኳሉ።

«ይተዉት አልኩ! ማሽኑን የገዛሁት ለምን ይመስልዎታል? ሰው ፊት ባያሳፍሩኝ ምን አለበት!»

እንግዶቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። አባዬ ትሪውን ለቀቁ። «እሺ ልጄ» አሉ። መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እኔስ ምን አልኩ? «ፍራፍሬ ላቅርብ?» ፍራፍሬ! ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ

የሉም።

አልጋቸው ተነጥፏል። ትንሿ ሻንጣቸው የለችም። ስልካቸው ይጠራል፣ አያነሱም። ከማል መስጊድ ሮጠ። ለሱብሂ መጥተው ነበር፣ ሻንጣ ይዘው ነበር አሉት። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ወሎ ሰፈር ሄደ። ምን ሊያገኝ? ሰፈሩ የለም፣ ጎረቤቱ ተበትኗል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ክፉ ክፉውን አስባለሁ። መንገድ ሲሻገሩ። ታክሲ ሲጋፉ። ስኳራቸው ሲወርድ። የመድኃኒታቸውን ቦታ አየሁ፤ ይዘውታል። ይዘውት መሄዳቸው ትንሽ አረጋጋኝ፣ ደግሞ መልሶ አስፈራኝ። ለረጅም ጊዜ ነው ማለት ነው።

ረዳታቸው የነበሩት ጋሽ ተካ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን እንደሚኖሩ ትዝ ያለኝ እኔን ነው። ቁጥራቸውን ከአንድ የድሮ ጎረቤት አገኘሁና ደወልኩ።

«አለቃ እዚህ ናቸው። ደህና ናቸው፣ ቁርስ በልተዋል» አሉ ጋሽ ተካ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ ስልክ አልፈልግም ብለዋል፤ አትቀየሚን ልጄ።»

አልሐምዱሊላህ።

ሙና ደወለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። «ሽማግሌ ከቤት አስወጣሽ አይደል? ማሽኑም ላንቺ፣ ቤቱም ላንቺ!» ዘጋሁባት። ሳህን አጠቡ ብላ የጮኸችው እሷ፣ አሁንም የምትጮኸው እሷ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ስለ ሙና ለከማል ነገርኩት። ኩሽና ወንበር ላይ እንደተቀመጠ መሸ።

እሁድ

አራብሳ ደርሰን መጣን።

አራተኛ ፎቅ ነው። አባዬ ይህን ሁሉ ደረጃ በዚያ ጉልበታቸው ወጡት? በረንዳው ላይ ከጋሽ ተካ ጋር ዳማ ይጫወታሉ። ሲያዩን አልተነሱም፣ አልተቆጡም፤ «ኑ፣ ተቀመጡ» አሉን። እንደ እንግዳ። ጋሽ ተካ ሱቅ ልሂድ ብለው ወጡ።

ከማል ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ ወዲያው። «ታዲያ እንሂዳ» አለ። «አልሄድም» አሉ።

«ለምን? ይቅር ብያለሁ አላሉኝም?»

«ተቀይሜ አይደለም ከማል። ቤትህ ውስጥ የምነካው ነገር ከሌለ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ የሚቆይበትን ቀን ማወቅ አለበት።»

ከዚያ ከማል ያልጠበቅሁትን ተናገረ። ልጅ ሆኖ፣ እናቱ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ፣ አባቱ ደጅ ላይ ሳፋ ዘርግተው እቃ ሲያጥቡ የሰፈር ሰው ሲስቅ ሰምቷል። ጓደኞቹ ወሬውን ትምህርት ቤት ድረስ ይዘውት ሄደው አበሸቁት። «ያኔ ትንሽ ነበርኩ፣ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አሁን ግን በእርስዎ ማንም አይስቅም ብዬ ነው» አለ።

ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

አባዬ የያዟትን ጠጠር ዳማው ላይ አስቀመጡ። «እኔም ሰምቻቸዋለሁ» አሉ። «የሚስቁትን ሰምቼ ሳህኔን አጠብኩ። እናትህ በንጹሕ ሳህን መብላት ነበረባት። እኔ ያኔውኑ ረሳኋቸው። አንተ ግን እስከዛሬ ትሰማቸዋለህ?»

አባዬ ትከሻውን ያዝ አደረጉት እንጂ እሺ አላሉም። ሻይ ጠጥተን ብቻችንን ተመለስን። ሰሚት መግቢያ ላይ ስንደርስ ከማል «ማሽኑን እሸጠዋለሁ» አለ።

ሰኞ

እሸጠዋለሁ ማለቱ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ነገርኩት። አትሸጠውም አልኩት። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ ሰው አባቱን አጥቶ እኔ ስለ ማሽን ላወራ? ግን ጣቶቼን አሳየሁት። «ተመልከት። የዚህ ሳምንት እጄ ነው ይሄ። ለእኔ ገዛሁላት እያልክ ታወራ የለ? እንግዲያው የእኔ ነው፤ አልሸጥም።» ጣቶቼን አገላብጦ ለብዙ ጊዜ አየ። «ምነው ሳትነግሪኝ?» አለ። ነግሬዋለሁ እኮ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከፋርማሲው ጀርባ ቆሜ ለአባዬ ደወልኩ። አነሱ! የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝና እንዲህ አልኩ፦

«አባዬ፣ እኔ እውነቱን ልንገርዎት፣ ማሽኑን እፈልገዋለሁ። እርስዎንም እፈልግዎታለሁ።»

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ሁለታችንን አንድ ኩሽና ይችለናል ወይ እያልኩ ነው።»

«ኢንሻአላህ ይችላል።»

«እሱ ነገር ድስት ያጥባል?»

«የተቃጠለ ድስት አይችልም። ወላሂ አይችልም። ሸክላም አይገባበትም፣ እንጨትም አይገባበትም።»

«እህ!» አሉ። ከዚያ ስለ ጋሽ ተካ ጉንፋን አወሩና ዘጉ። እመጣለሁ አላሉም፣ አልመጣምም አላሉም። ከሰዓት በኋላ ለአንዲት ሴትዮ በልጅ ሽሮፕ ፋንታ የአዋቂውን ልሰጣት ነበር፤ ራሷ ናት ያስታወሰችኝ።

ማክሰኞ

ከሥራ ስገባ በሩ አልተቆለፈም። ደነገጥኩ። ከማል በዚህ ሰዓት አይገባም።

ኩሽና ውስጥ አባዬ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የማሽኑን በር ከፍተው ወደ ውስጡ ያያሉ። በሁለት ሚኒባስ ነው የመጡት። እጃቸውን ስሜ አልጠግብ አልኩ። «ተይ፣ ተይ» አሉ። «ይልቅ ይሄ የሚሽከረከረው ምንድን ነው?»

«ውሃ የሚረጨው እሱ ነው።»

«ከታችም?»

«ከታችም ከላይም።»

እቃውን ራሳቸው ጫኑበት። እኔ ልግባ ብል ከለከሉኝ። አንድ ቦታ ክፍት እንዲቀር አይፈልጉም፤ ድስት በድስት ውስጥ፣ ጎድጓዳ ሳህን በጎድጓዳ ሳህን ላይ፣ መሃሉን በብርጭቆ እየወተፉ። የሚሽከረከረው መንቀሳቀሻ አጣ። ነገርኳቸው። «ይንቀሳቀሳል» አሉ። ቁልፉን ጫኑት፤ ሲነሳ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ጧ! አንድ ብርጭቆ ተሰበረ።

በዚህ መሃል ከማል ገባ። በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ሲቀያየር አየሁት፤ ሊያለቅስ ነው፣ ሊስቅ ነው፣ አልገባኝም። አባቱን ሰላም አለ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ ዓይኑ ማሽኑ ላይ አረፈ።

«አባዬ፣ እንደዚህ አይጫንም!»

«ማን ነው የሚለው?»

«መመሪያው!»

«አንተ መቼ ጭነህ ታውቃለህ?»

«ይኸው ሰበሩት እኮ!»

«አንዲት ብርጭቆ ናት፤ አትጩህ።»

እኔ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው መኝታ ቤት ሆኜ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ሻንጣቸው ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ክፍላቸው አላስገቡትም፣ እኔም አልነካሁትም። ይቆዩ አይቆዩ አላውቅም። ልጠይቅ ብዬ ሦስቴ ተነስቼ ሦስቴ ተቀመጥኩ።

ከኩሽና የሳህን መንኳኳት ይሰማል። አውጥተው እንደገና እየጫኑ ነው። ከማል «ያንን ለእኔ ይስጡኝ» ይላል፤ አባዬ «ቆይ፣ ቆይ፣ ከታች ነው የምጀምረው» ይላሉ። ከመጡ ጀምሮ ልጃቸው ላይ እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። እሱም እንደዚህ ሲመልስ።

እራት አልተሠራም። ርቦኛል። ግን አልሄድም፤ ይጨርሱ።