ዝም ያለው የቤንዚን ፓምፕ

ልጄ፣ ባለሽበት ጤና አይለይሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ “የመኪናውን በር በቀስታ ዝጊ” ብዬ ስለጮህኩባት አኩርፋ በታክሲ ነው የምትሄደው። እሷ ከወረደች ወዲህ እንግሊዝ ሠራሿ ባለሁለት ወንበር መኪናዬም አልነሣ አለች። ቁልፉ ሲዞር እንደ ሰዓት ጠቅ ጠቅ ይል የነበረው የቤንዚን ፓምፕ ጸጥ አለ።

መካኒኩ ሳይፈታው “ጋሼ፣ ለሙዚየም ይስጧት” አለኝ። አባርሬው ራሴ ፈታሁት። ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ኮንታክት ተበልቶ ኖሮ ፓምፑ ካልተነቀነቀ አይሠራም። ታዲያ እስከዛሬ ማን ሲነቀንቀው ኖረ? የመኪናውን በር ድርግም አድርጌ ዘግቼ ሞከርኩት፤ ጠቅ ጠቅ አለ! ለካ በሩን እየደረገመች ስትነቀንቀው የኖረችው እናትሽ ናት።

እዚያ ባለሽበት አገር የአሮጌ መኪና ዕቃ አይጠፋምና ኮንታክቱን ፈልገሽ ላኪልኝ። እስኪደርስ ግን እናትሽን ደውለሽ ለምኚልኝ፤ ወደ መኪናዬ ትመለስና በሩን እንዳሻት ድርግም ታድርገው። መንገድሽ ሁሉ የቀና ይሁን።

አባትሽ