ሦስት ክፍል፣ ስድስት ስም

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ልጽፍልህ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ያስጻፈኝ ግን የመርከብ ነገር ነው። አትሳቅብኝ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ስለ መርከብ ልነግርህ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የግቢው በር አረንጓዴ ተቀብቷል። የተከልከው ፖም ዘንድሮ አብቦ ነበር፤ ውርጭ ቀደመው። እኔ የነበርኩባት ሰርቪስ ቤት ተከራይታለች፤ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ከነልጇ ትኖርባታለች። ካረፍክ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው ሚስትህ እትዬ አስካለ ጠርተው፣ "እንግዲህ ሥራም ይዘሻል፣ ራስሽን ቻይ" ያሉኝ። በክፉ አላሉኝም፤ ሻይ ቀድተው ነው ያሉኝ። አሁን ጠባሴ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ እዚያው አቅራቢያ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ እሠራለሁ። "ቱሪዝም ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው" ትለኝ አልነበር? ይኸው እንጀራ ሆኖኛል። ትኬት እቆርጣለሁ፣ የሰው ቅጽ እሞላለሁ።

ልጅህ ዳዊት ዱባይ ላይ ከሚስቱ ጋር ደህና ኑሮ ይዟል። ባለፈው ደወለልኝ። "መቅዲ፣ እማዬን አራት ቀን በመርከብ ላዝናናት ነው። ታናናሾቼም ሦስቱም ይመጣሉ። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ክፍሎቹን ያዥልኝ" አለኝ። ከሚሄዱት ውስጥ ልኑር አልኑር አላነሳም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ስማቸውን በዕድሜ ተራ አስገባሁ። እትዬ አስካለ፣ ዳዊት፣ ሚስቱ። ቀጥሎ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ማክዳ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ናሆም፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ሊድያ። በዳዊትና በማክዳ መካከል አሥራ ሁለት ዓመት አለ። በዚያ መካከል አንተ አንኮበር ተመድበህ ታስተምር ነበር፤ በዚያ መካከል የተወለድኩት እኔ ነኝ። የኮምፒዩተሩ ጠቋሚ ከማክዳ ስም በላይ ብልጭ ድርግም ሲል ለአፍታ ተመለከትኩትና አለፍኩት።

ክፍል መያዝ ቀላል እንዳይመስልህ፣ አባዬ። እትዬ አስካለ መስኮት የሌለው ክፍል ከመቃብር በምን ይለያል አሉ። ናሆም ከእናቱ ጋር ማደር አልፈለገም፤ "ሌሊት ተነስታ ውዳሴ ማርያም ስትደግም እኔ መች ልተኛ ነው" ይላል። ማክዳ ደግሞ፣ "አንተ ስታንኮራፋ መርከቡ ራሱ ወደ ወደቡ ይመለሳል" ትለዋለች። ቢሮዬ ድረስ መጥተው ሲነታረኩ አለቃዬ ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ አብሬያቸው የሳቅኩት መች እንደነበር አላስታውስም።

ችግሩ ግን የመርከቡ ደንብ ነው። በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ማደር አለበት፤ አንድ ክፍል ደግሞ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ዳዊት ከሚስቱ አልለይም፣ ሦስተኛ ሰውም አልጨምርም አለ። እትዬ ሁለቱን ልጆች ቢይዙ አንዱ ብቻውን ይቀራል፤ እሱን ደንቡ አይፈቅድም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። መላ ነበረው። እኛ ሥራው ላይ ያለን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልና ሚስቱን ወረቀት ላይ ለይተህ፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ልጅ ትመዘግባለህ። ከተሳፈሩ በኋላ ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ማን የት እንዳደረ የሚጠይቅ የለም። ለዳዊት ይህን ብነግረው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አልነገርኩትም። "ሃያ አንድ ዓመት የሞላው አንድ ሰው ይጎድላችኋል" ብቻ አልኩት።

"እንግዲያው አንቺም ግቢበታ" አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው የገባሁት። ስለሚያስፈልጋቸው እንጂ ስለፈለጉኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ለእኔ፣ ለማክዳና ለሊድያ አንድ ክፍል ያዝኩ። ሊድያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች የክፍሉን ፎቶ ታይ ነበር። ከግድግዳ የሚዘረጋው ላይኛው አልጋ የእሷ መሆኑን አስምላኛለች። ቁመቷ በልጦኛል፣ አባዬ። ስትስቅ አፍንጫዋን እንዳንተ ነው የምታጥፈው።

ቅጹ ላይ "ከልጆቹ ጋር ያላት ዝምድና" የሚል ቦታ አለ። "እህት" ብዬ ሞላሁት።

በሁለተኛው ቀን ከመርከብ ድርጅቱ መልስ መጣ። ወላጅ ያልሆነ ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ከሆነ የዝምድና ማስረጃ ይቅረብ ይላል። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፤ ለብርዱ ብላ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርጋለች። የቤትህን ፋይል አወጣች። የቤተሰብ ቅጹን የሞላኸው በራስህ እጅ ነው፤ ጽሕፈትህን ወዲያው ለየሁት። ሚስት፣ አስካለ። ልጆች፣ ዳዊት፣ ማክዳ፣ ናሆም፣ ሊድያ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየችልኝ። "የኔ እህት፣ እዚህ የለሽም" አለችኝ። "ይሄ ሲሞላ የት ነበርሽ?"

የት እንደነበርኩ አንተ ታውቃለህ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ስትሞላው እኔ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ሒሳብ እሠራ ነበር። ድምፅህ ይሰማኝ ነበር። "በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ቀበሌ እንሄዳለን" ስትለኝ ኖረሃል። ያ ሳምንት የትኛው ነበር፣ አባዬ?

ጸሐፊዋ ሚስትህ ወይም ዳዊት ከመሰከሩ መንገድ እንዳለው ነገረችኝ። እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ዓይኔን እያዩ፣ "እኔ ልጁ አይደለሽም አላልኩም፣ መቅደስ። ግን በሕይወት እያለ እሱ ያልጻፈውን፣ ከሞተ በኋላ እኔ ልጻፍበት?" አሉኝ። የቤቱን ውርስ ፈርተው ይመስለኛል። ከቤቱ አንዲት ድንጋይ እንደማልፈልግ ነገርኳቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም።

ዳዊት ደግሞ በስልክ ሳቀብኝ። "አታክብጂው እንጂ። ሞግዚት ብለሽ ሙዪው፤ ሞግዚት ከሆንሽ እማዬ አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ትፈርማለች፣ አለቀ። ክፍሉም ያው ነው፣ ባሕሩም ያው ነው።"

"ሞግዚት አይደለሁም። ምንህ እንደሆንኩ ታውቃለህ" ብዬ ዘጋሁበት።

ሦስት ቀን ቀረኝ፤ ክፍሎቹ ያለማረጋገጫ የሚቆዩት ለሦስት ቀን ነው። ምን እንዳደርግ ትፈልግ ነበር? እናቴን አንኮበር ደውዬ ጠየቅኳት። "የሞተ አይከሰስም፣ ተይው" አለችኝ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ተይው እንዳለች ነው። እኔ መተው አልሆነልኝም፤ ማድረግም አልቻልኩም። ለሌላው ሰው ቪዛ አስመታለሁ፣ የጠፋ ሻንጣ አስገኛለሁ፣ አንዲት ቃል ግን የራሴ ማድረግ አቃተኝ።

በመጨረሻው ቀን ዳዊት ጋ ደውዬ መላውን ነገርኩት። "ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?" አለ። "እኔው ጋ" አልኩት። እሱን ከናሆም፣ ሚስቱን ከማክዳ፣ እናቱን ከሊድያ አድርጌ በሦስት ክፍል ስድስት ስም አስገባሁ። የራሴን ስም በራሴ እጅ ሰረዝኩት። ሞግዚት ሆኜ ከምሳፈር እህት ሆኜ ልቅር አልኩ። ማረጋገጫው ወዲያው መጣ፤ ለመላው ቤተሰብ መልካም ጉዞ ይመኛል።

ሊድያ ስትሰማ ቦርሳዋን ቢሮዬ ወለል ላይ ጥላ፣ "አልሄድም" አለች። እንድትሄድ አደረግኳት። ልጅ ናት፤ የእኔና የአንተ ጣጣ እሷ ላይ ለምን ይረፍ? ትናንት ከመርከቡ ፎቶ ልካልኛለች። በመስኮቱ ባሕር ብቻ ነው የሚታየው።

ፍርድ ቤት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አባትሽ መሆኑን የሚያውቅ ምስክር አቅርቢ ተብያለሁ። አውቆ ሊናገር ይገባው የነበረው ሰው አፈር ውስጥ ነው። ተቆጥቼብሃለሁ፣ አባዬ፤ ደብቄ ልጽፍልህ አልችልም። ደግ ነበርክ። ደግነትህ ግን ወረቀት ላይ አልደረሰም።

ሆኖም አንድ ነገር ሠርተሃል። አንኮበር ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ታምማ አንተ ተተክተህ ገባህ። ስም መጥሪያው ላይ በእናቴ አባት ስም ነበር የተመዘገብኩት። ተራዬ ሲደርስ ከኪስህ እስክሪብቶ አውጥተህ አንድ ነገር ሰረዝክ፣ ጻፍክ፣ ቀና ብለህም ስሜን ከራስህ ስም ጋር ጠራኸው። እኔ መሆኔን ስላላወቅኩ አልመለስኩም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ደግመህ ጠራኸኝ። ያኔ ተነስቼ "አቤት" አልኩ።

ያ መዝገብ አሁን የለም፤ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ልጆቹ ግን ሰምተዋል። አሁን ሰላ ድንጋይም፣ ደብረ ሲናም፣ የትም ይሁኑ፣ አንድ በአንድ እፈልጋቸዋለሁ። የሚያስታውስ ባይገኝ፣ የሚመሰክርም ቢጠፋ፣ እኔ ሰምቻለሁ። የደገምከውን ጥሪ እስክሞት አልረሳውም።

መቅደስ ጌታነህ